ምዕራፍ 4፦ ችግሩ የት ላይ ነው?

ማታ መብራት ድርግም ሲል ከቤተሰቡ አንዱ በመስኮት ብቅ ይላል። «የኛ ብቻ ነው ወይስ የሰፈሩ?» የጎረቤት ቤት ከበራ ብልሽቱ ከግቢ አይወጣም፤ ቆጣሪው ወይም ፊውዙ ይታያል። ከመንገዱ ወዲህ ያለው ሁሉ ጨልሞ ማዶው ከበራ ትራንስፎርመሩ ይጠረጠራል። ከተማው በሙሉ ከጠፋ ደግሞ ፊውዝ መነካካቱን ትቶ ሻማ መፈለግ ነው። በመስኮት ያየው ሰው ኤሌክትሪክ ምን እንደሆነ አስረዳ ቢባል ይቸገር ይሆናል። ሆኖም ምን ጠፋ፣ ምን ቀረ የሚለውን ብቻ አይቶ ብልሽቱ የት አካባቢ እንደሆነ ካለበት ሳይነቃነቅ ይገምታል።

የነርቭ ሐኪምም የሚጀምረው ከዚሁ ጥያቄ ነው። እጁ የደነዘዘ፣ እግሩ የከበደው ወይም አፉ የተጣመመ ሰው ሲመጣለት «ምን በሽታ ነው?» ከማለቱ በፊት «የት ላይ ነው?» ይላል። መልሱንም ብዙ ጊዜ ገና ምንም ማሽን ሳይነሳ፣ በመርፌ ጫፍ፣ በጥጥ ቁራጭና በትንሽ የጎማ መዶሻ ያገኘዋል።

በምዕራፍ 2 አንድ የነርቭ ሕዋስ መልእክት እንዴት እንደሚፈጥር፣ በምዕራፍ 3 ደግሞ መልእክቱ በምን ፍጥነት እንደሚጓዝ ታይቷል። እዚህ የሚታየው የሕዋሶቹ አቀማመጥ ነው፤ ከጣት ጫፍ እስከ አንጎል ክሮቹ በየት ያልፋሉ? የት ይቀላቀላሉ? የትስ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ ይሻገራሉ? ይህን የሚያውቅ ሰው የጉዳቱን ቅርጽ አይቶ የጉዳቱን ቦታ ሊናገር ይችላል። የአናቶሚ ትምህርት ለብዙ ተማሪ የስም ሽምደዳ ሆኖ የሚቀረው ይህ ጥቅሙ ቀድሞ ስለማይነገረው ይመስላል።

የፓውሳንያስ ጣቶች

በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሮም ውስጥ ፓውሳንያስ የሚባል ከሶርያ የመጣ የንግግር መምህር ይኖር ነበር። የግራ እጁ ትንሿ ጣት፣ የቀለበት ጣቱና የመሐል ጣቱ ግማሽ ደነዘዙበት። ሐኪሞቹ ጣቶቹን በመድኃኒት ያሻሉ፤ ጣቶቹ ግን አልሻል አሉ። በመጨረሻ የተጠራው ጋሌን ነበር፤ በ129 (በዚህ ምዕራፍ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጴርጋሞን የተወለደውና ከዚያ በኋላ ከሺህ ዓመት በላይ የሕክምናውን ዓለም የመራው ሐኪም።

ጋሌን ጣቶቹን ትቶ ስለ ሰውየው ጠየቀ። ፓውሳንያስ ከዚያ ቀደም በጉዞ ላይ ሳለ ከሠረገላ ወድቆ የላይኛው ጀርባው ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ነበር። ጋሌን መድኃኒቱ ከጣቶቹ ተነስቶ አንገቱ ሥር፣ አከርካሪው ላይ እንዲደረግ አዘዘ። እሱ ራሱ እንደጻፈው በሽተኛው ዳነ።

ጋሌን ስለራሱ ድል ሲጽፍ ቁጥብ ሰው አልነበረም፤ ፓውሳንያስም ያለ ምንም ቅባት በጊዜ ብዛት ይድን የነበረ ሊሆን ይችላል። ታሪኩን ዛሬም የሚያስነሳው ሐሳቡ ነው፤ ሕመሙ የሚሰማበት ቦታና የተጎዳው ቦታ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ጋሌን ይህን በግምት አልደረሰበትም። የአሳማና የሌሎች እንስሳትን ህብለ ሰረሰር፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንቶች ቦይ ውስጥ የሚወርደውን የነርቭ ገመድ፣ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች እየቆረጠ እያንዳንዱ ቁርጥ ምን እንደሚያሳጣ መዝግቧል። ከታች ሲቆረጥ የኋላ እግሮች ይዝላሉ፤ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር የሚጠፋው ይበዛል፤ አንገት ላይ ሲደረስ ትንፋሽ ይቆማል። ዘዴው ለዛሬ አንባቢ የሚዘገንን ነው፤ የተገኘው ካርታ ግን እውነተኛ ነበር።

ዋናው መስመርና ቅርንጫፎቹ

ሥርዓተ ነርቭ በሁለት ይከፈላል። ማዕከላዊው ክፍል አንጎልና ህብለ ሰረሰር ነው። አንጎል 1.4 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሶችም አሉት። ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ብቻ ሆኖ ሰውነት ዕረፍት ላይ ሳለ ከሚያጠፋው ኃይል 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ህብለ ሰረሰር ደግሞ ርዝመቱ 45 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ ውፍረቱ እንደ ትንሿ ጣት ነው። አከርካሪውን እስከ ታች ድረስ የሚሞላ የሚመስለው ብዙ ነው፤ እውነቱ ግን ወገብ አካባቢ ያበቃል። ለምርመራ ከጀርባ ፈሳሽ ሲቀዳ መርፌው ከዚያ በታች የሚገባው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ክፍል ከማዕከሉ ወጥቶ በሰውነት የሚሰራጨው ነው። ከአንጎል 12 ጥንድ፣ ከህብለ ሰረሰር 31 ጥንድ ነርቮች ይወጣሉ። እያንዳንዱ ጥንድ የራሱ ቀበሌ አለው ማለት ይቻላል፦ አንዱ የትከሻ፣ ሌላው የእምብርት አካባቢ፣ ሌላው የውጭኛው የእግር ጠርዝ። ወደ እጅና ወደ እግር የሚሄዱት በመንገድ ላይ ተቀላቅለው እንደገና በአዲስ አሰላለፍ ይከፋፈላሉ። ስለዚህ ከአከርካሪ ሥር የሚነሳ ጉዳትና ከክንድ ላይ የሚነሳ ጉዳት የሚያደነዝዙት ቆዳ ወሰኑ ይለያያል።

የመብራቱ ንጽጽር አንድ ቦታ ላይ ይደክማል። የኤሌክትሪክ ኃይል ከጣቢያ ወደ ቤት ይሄዳል፤ ነርቭ ውስጥ ግን ወደ ላይም ወደ ታችም የሚጓዝ አለ። ስሜት ወደ አንጎል ይወጣል፤ ትእዛዝ ወደ ጡንቻ ይወርዳል። በአንድ ነርቭ ውስጥ ጎን ለጎን ቢተኙም ክሮቹ የተለያዩ ናቸው። ሦስተኛም ወገን አለ፤ ሰው ሳያስበው ላብን፣ የደም ሥር መጥበብና መስፋትን፣ የልብ ምትንና የአንጀትን እንቅስቃሴ የሚያስተዳድረው። የራሱ ምዕራፍ ስላለው እዚህ ስሙ ብቻ ይነሳል።

ክርን ላይ

ክርኑን ከጠረጴዛ ጠርዝ ጋር ያጋጨ ሰው ያንን እንደ ኮረንቲ የሚነዝር ስሜት ያውቀዋል። የተመታው ክርን ነው፤ የሚነዝረው ግን ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ነው። ወደነዚህ ጣቶች የሚወርደው ነርቭ በክርን ውስጠኛ ጎን፣ ከአጥንቱ ጉብታ ጀርባ፣ ከቆዳ ሥር ተጋልጦ ስለሚያልፍ ነው።

ጣቶቹ የፓውሳንያስ ጣቶች ናቸው፤ ቦታው ግን ሌላ ነው። ታዲያ ሐኪሙ አንገትን ከክርን በምን ይለያል? በወሰኑ። ጉዳቱ ክርን ላይ ከሆነ ድንዛዜው አብዛኛውን ጊዜ የእጅ አንጓ አካባቢ ያቆማል፤ የቀለበት ጣትንም ለሁለት ይከፍለዋል፤ በትንሿ ጣት በኩል ያለው ግማሹ ይደነዝዛል፣ ሌላው ግማሽ ጤነኛ ነው። አንገት ላይ ከሆነ ድንዛዜው በክንዱ ውስጠኛ ጎን ሽቅብ ይቀጥላል። የፓውሳንያስ መሐል ጣት ግማሹ መደንዘዙም የክርን ነገር አይመስልም፤ የክርኑ ነርቭ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አይደርስም።

ይህ ነርቭ በሥጋ ደዌ ምክንያት ከኢትዮጵያ ሐኪሞች ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። የሥጋ ደዌን የሚያመጣውን ባክቴሪያ በ1873 በርገን ከተማ ያገኘው ኖርዌያዊው ጌርሃርድ አርማወር ሐንሰን ነበር። አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ፣ ከአለርት ሆስፒታል ጋር አብሮ የኖረው የምርምር ተቋም የተሰየመው በእሱ ስም ነው። ባክቴሪያው ቀዝቀዝ ያለ የሰውነት ክፍል ይመርጣል፤ ስለዚህ የሚያጠቃቸው ነርቮች ወደ ቆዳ የቀረቡት ናቸው። ክርን ጀርባ፣ ከጉልበት በታች በውጭ በኩል፣ ቁርጭምጭሚት፣ ፊት። ጠልቀው የሚያልፉትን ነርቮች ብዙ ጊዜ አይነካም።

በሽታው የሚያወጣው ፈዘዝ ያለ ምልክት ለዚህ ምዕራፍ ጥሩ ማስረጃ ነው። በጥጥ ሲነካ አይሰማም። ፀሐይ ላይ አያልብም። ፀጉሩም ይሳሳል። ስሜትና ላብ አንድ ላይ የሚጠፉት ስሜት የሚወስዱት ክሮችና ላብን የሚያዙት ክሮች በአንድ ቅርንጫፍ ውስጥ አብረው ስለሚጓዙ ነው። ነርቩ ከፍ ብሎ ክርን ላይ ከተጎዳ ትእዛዝ የሚወስዱት ክሮችም ይጨመራሉ፤ ሁለቱ ጣቶች ወደ ውስጥ ይቆለመማሉ።

ጣቶች «የሚያልቁት» ግን በባክቴሪያው አይደለም። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በደቡብ ሕንድ ቬሎር ይሠራ የነበረው የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ፖል ብራንድ የበሽተኞቹን ቁስል አንድ በአንድ ሲከታተል አብዛኛው ተራ ጉዳት ሆኖ አገኘው፦ ትኩስ ድስት መያዝ፣ እሾህ የገባበትን እግር እየረገጡ መዋል። ሕመም የማይሰማው እጅ ራሱን ከእሳት አያርቅም። ለዘመናት ሰዎችን ከመንደር ያስወጣው መልክ በአብዛኛው ከመደንዘዝ የመጣ ነበር።

ሁሉም ድንዛዜ ቦታ ይጠቁማል ማለት አይደለም። በስኳር በሽታ ሁለቱም እግሮች በእኩል፣ ካልሲ የተጠለቀባቸው ይመስል፣ ከጣት ጀምረው ይደነዝዛሉ። እዚህ ጥያቄው «የት ተቆረጠ?» አይደለም። ከወገብ እስከ እግር ጣት የሚሄደው ክር በረጅም ሰው አንድ ሜትር ይደርሳል፤ ሕመሙ መላውን ሰውነት ሲያጠቃ ቀድመው የሚወድቁት እነዚህ ረጃጅሞቹ ናቸው።

በግማሽ የተቆረጠ ገመድ

ፈረንሳዊው ፍራንሷ ማጀንዲ በ1822 አንድ ቀላል የሚመስል ነገር አሳየ። ከህብለ ሰረሰር ጋር ከሚገናኙት የነርቭ ሥሮች የኋለኞቹ ስሜት ያስገባሉ፤ የፊተኞቹ ትእዛዝ ያስወጣሉ። ስኮትላንዳዊው ቻርልስ ቤል «ቀድሜያለሁ» ብሎ ለዓመታት ተከራክሯል። በፊተኞቹ ሥሮች ላይ ቤል በ1811 የጻፈው ነገር ነበረው፤ የኋለኞቹን ሥራ በግልጽ ያሳየው ግን ማጀንዲ ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ቀላል ነበር። ሞሪሸስ የተወለደው ቻርልስ ኤድዋርድ ብራውን-ሴካር በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የገመዱ አንድ ጎን ብቻ ሲቆረጥ የሚሆነውን አጠና። ጀርባው ላይ በቢላ ተወግቶ የህብለ ሰረሰሩ ቀኝ ግማሽ የተቆረጠ ሰው ይታሰብ። ቀኝ እግሩ ይሰንፋል፤ ዓይኑን ጨፍኖ የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ወደ ላይ ይታጠፍ ወደ ታች አያውቅም። እስከዚህ የሚጠበቅ ነው። በመርፌ ሲወጋ የማያመው፣ ትኩስና ቀዝቃዛውን የማይለየው ግን ግራ እግሩ ነው!

ምስጢሩ መሻገሪያው ላይ ነው። የሕመምና የሙቀት ክሮች ህብለ ሰረሰር ውስጥ እንደገቡ ወዲያው ወደ ተቃራኒው ጎን ይሻገሩና ከዚያ ሽቅብ ይወጣሉ። እግር የት እንዳለ የሚነግሩት ክሮች ግን በገቡበት ጎን እስከ አንጎል ግንድ ወጥተው እዚያ ይሻገራሉ። ከአንጎል የሚወርደው ትእዛዝም አብዛኛው የሚሻገረው እዚያው፣ ከአንገት በላይ ነው። ስለዚህ ጀርባ ላይ የተሰነዘረ አንድ ቢላ አንዱን ከመሻገሩ በኋላ፣ ሌላውን ከመሻገሩ በፊት ያገኘዋል። ተፈጥሮ ለምን እንዲህ አወሳስባ እንደዘረጋችው ብዙ መላ ምት አለ፤ ለሐኪም ግን ውስብስቡ ስጦታ ነው። ሁሉም በአንድ ጎን ቢሄድ ኖሮ የጉዳቱን ቦታ ለመለየት ይህን ያህል ፍንጭ አይገኝም ነበር።

ልምሻና ጓያ

ሁለት ሰዎች መራመድ አቅቷቸዋል እንበል። አንደኛው በልጅነቱ በፖሊዮ፣ በተለምዶ የልጅነት ልምሻ በሚባለው፣ የተያዘ ነው። እግሩ ቀጥኗል፣ ልል ነው፤ ጉልበቱ ሥር በመዶሻ ሲመታ አይነቃነቅም። ሁለተኛው ጎልማሳ ገበሬ ነው። እግሮቹ አልቀጠኑም፤ ግን ደርቀዋል፣ ሲሄድ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ፣ ተረከዙ መሬት አይነካም። ጉልበቱ ሥር ሲመታ እግሩ ከመጠን በላይ ይወነጨፋል። ሁለቱም «ሽባ» ይባላሉ፤ የተጎዳው ቦታ ግን የተለያየ ነው።

ከአንጎል እስከ ጡንቻ ያለው የትእዛዝ መስመር በዋናነት ሁለት ሕዋሶች በመቀባበል የሚያደርሱት ነው። የመጀመሪያው ከአንጎል ቅርፊት ተነስቶ ህብለ ሰረሰር ውስጥ ይወርዳል። ሁለተኛው ከዚያ ተነስቶ ጡንቻው ድረስ ይሄዳል። ፖሊዮ የሚገድለው ሁለተኛውን ነው። ጡንቻው የመጨረሻ ግንኙነቱ ስለተበጠሰ ይዝላል፣ ይከሳል።

በገበሬው ላይ የተጎዳው የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ሕዋስ በሕይወት አለ፤ ጡንቻውን ይመግባል፤ ከጉልበት የመጣውን ምት ተቀብሎ አንጎልን ሳይጠይቅ ይመልሳል። ኤርብና ቬስትፋል የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ሐኪሞች በ1875 የጻፉለት የጉልበት ምላሽ ይህ ነው። አንጎል በጤናው ጊዜ ይህን ምላሽ ረገብ አድርጎ ይይዘዋል። መስመሩ ሲበጠስ የሚይዘው ይጠፋል፤ እግሩ ይደርቃል፣ ይወነጨፋል።

ገበሬውን ለዚህ ያበቃው ምግቡ ነው። ጓያ ድርቅም ውኃ የተኛበት መሬትም የማይበግረው ጥራጥሬ ነው፤ ሌላው እህል ሲከዳ እሱ ይበቅላል። ውስጡ ያለው መርዝ ግሉታሜትን ይመስላል፤ ግሉታሜት በምዕራፍ 2 እንደታየው የነርቭ ሕዋሶች አንዱ ሌላውን የሚያነሳሱበት ንጥረ ነገር ነው። በመጠኑ ከሌላ እህል ጋር ቢበላ ብዙም ጉዳት አያስከትልም፤ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን ከመጠን በላይ የተነሳሱት ሕዋሶች ይሞታሉ። በኢትዮጵያ የነርቭ ሕክምና ፈር ቀዳጅ ከሆኑት አንዱ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ከባልደረቦቻቸው ጋር በሰሜን ምዕራብ ገጠር ስርጭቱን አጥንተው በ1990 አሳትመዋል። የጉዳቱ ደረጃ የሚለካው በበትር ነው፦ ያለ በትር የሚሄድ፣ በአንድ በትር፣ በሁለት በትር፣ በመጨረሻም የሚድህ። ስሜቱና አእምሮው ግን እንዳለ ነው። መርዙ የመረጠው የሚወርደውን መንገድ ነው፤ የሥጋ ደዌ ቀድሞ የሚያጠፋው ደግሞ የሚወጣውን። ጓያን ዘፍዝፎና ቀቅሎ ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል፤ ችግሩ በድርቅ ጊዜ ማገዶውም ውኃውም የሚጎድል መሆኑ ነው።

«ቅንድብዎን ወደ ላይ ያንሱ»

ጠዋት ሲነሳ ፊቱ ወደ አንድ ጎን የተጣመመ ሰው ችግሩ ከሁለት አንዱ ሊሆን ይችላል፤ በፊት ነርቭ ላይ የደረሰ ጉዳት ወይም አንጎል ውስጥ የደረሰ ስትሮክ። ሐኪሙ «ቅንድብዎን ወደ ላይ ያንሱ» ይላል። የላይኛው የፊት ክፍል ትእዛዝ የሚደርሰው ከሁለቱም የአንጎል ግማሾች ነው፤ የታችኛው ግን በዋናነት ከተቃራኒው ግማሽ ብቻ። ስለዚህ በስትሮክ አፍ ተጣሞም ግንባር ይኮሳተራል። ነርቩ ራሱ ከተጎዳ ደግሞ፣ በዚያው በቻርልስ ቤል ስም በሚጠራው ሕመም እንደሚታየው፣ በዚያ ጎን ግንባርም ዓይንም አፍም ይሰንፋሉ። ይህን መለየት የሐኪም ሥራ ነው፤ ፊቱ በድንገት የተጣመመ ወይም አንድ ጎኑ የሰነፈ ሰው ግን በመስታወት ራሱን ሲመረምር ሰዓት ማጥፋት የለበትም፤ በቶሎ ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ቀኝ ጎን ሲሰንፍ የሚጠረጠረው የአንጎል ግራ ግማሽ ነው። ንግግርም አብሮ ከጠፋ ጥርጣሬው ይጠናከራል። ይህን የመጨረሻውን ያስተማረው ሉዊ ቪክቶር ለቦርኝ ነው። ለቦርኝ በፓሪስ ቢሴትር ሆስፒታል ሃያ ዓመት ያህል ሲኖር ለማንኛውም ጥያቄ የሚመልሰው «ታን፣ ታን» እያለ ነበር፤ የሚባለውን ግን በአብዛኛው ይረዳ ነበር። እያደር ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ሰነፉ። በ1861 የሰነፈው እግሩ ቆስሎና አመርቅዞ ወደ ቀዶ ሐኪሙ ፖል ብሮካ ክፍል ተወሰደ፤ በቀናት ውስጥም ሞተ። ብሮካ አንጎሉን ሲያወጣ በግራው ግማሽ የፊት ክፍል ላይ የተበላሸ ቦታ አገኘ። ያ ቦታ እስከ ዛሬ በብሮካ ስም ይጠራል፤ «ንግግር የት ነው?» ለሚል ጥያቄም ለአንድ መቶ ዓመት በጣት የሚጠቆም መልስ ሆነ።

ብሮካ ግን አንጎሉን ሳይቆራርጥ በፈሳሽ አቆይቶት ነበር። በ2007 ኒና ድሮንከርስና ባልደረቦቿ ያንኑ አንጎል ኤምአርአይ አንስተው ያዩትን አሳተሙ። ብልሽቱ ብሮካ ከላይ ካየው በጣም ጠልቆ የሚሄድ ሆኖ ተገኘ፤ የአንጎልን የፊት ክፍል ከኋለኛው ጋር የሚያገናኙትን ረጃጅም ክሮችም በልቷቸው ነበር። ለቦርኝን ያለ ቃል ያስቀረው የሞተው ቦታ ይሁን የተበጠሰው መስመር በዚያ አንድ አንጎል ብቻ መለየት አይቻልም፤ ሐኪሞች ለጣትና ለእግር በመርፌና በመዶሻ የሚመልሱት ጥያቄ እዚህ ሲደርስ ብዙ አንጎሎችን ጎን ለጎን ማነጻጸር ይጠይቃል። የምዕራፍ 5 ጉዳይ ይኸው ነው።